የማያልቀው ኩስኩስት

ወይዘሮ ፅጌ ማርያም የስኳር መርፌያቸውን ያቆሙት በአንድ ኩስኩስት ምክንያት ነው። ኩስኩስት! እጅ ማስታጠቢያ! ልጃቸው ወንጌላዊት ይህን ባሰበች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ሐኪም፣ በልተው ይወጉ ብሎ የነገራቸው፣ ልጅ የለመነቻቸው ሁሉ ቀርቶ፣ ገድሉ የሚሉት ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ጣና ዳር ቆሞ ውኃ ሲያፈስ አይተው መርፌ በቃኝ አሉ።

ገድሉ አጥማቂ ነኝ ይላል። ቄስ አይደል፣ መነኩሴ አይደል፤ ማን ላከህ ብሎ የጠየቀውም የለም። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ሕዝብ ይሰበስብና የመዳብ ኩስኩስቱን በነጠላ ጠቅልሎ ይይዛል። ጸልዮ ሲያበቃ በበሽተኛው ራስ ላይ ጠብታ እስከማይቀር ያፈስሰዋል። ባዶነቱን ለማሳየት ገልብጦ ያራግፈዋል። ከዚያ ቀና ያደርገውና እንደገና ይጸልያል፤ እንደገና ያፈስሳል። ያ ባዶ ኩስኩስት ደግሞ ውኃ! ሕዝቡ እልል ይላል። እሱም ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ይህን ያየ ሰው በሐኪም አይታመንም፣ ክኒኑንም መርፌውንም ጣሉ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹሙ ብሎ ያዝዛል።

ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ተራ ሰው ቢሆኑ እንኳ ባልከፋ ነበር። የመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ሚስት ናቸው፤ በደሴት ገዳማቱ ስንቱን ደብተራ ዜማ ያስተማሩት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የእኒያ መሪጌታ። ዓባይ ማዶ ሰፈር ውስጥ እሳቸው እውነት ነው ያሉት ነገር እውነት ነው። ኩስኩስቱን ተሳልመው በተመለሱ ማግስት ጎረቤቱ ታማሚውን እየያዘ ወደ ዋርካው ነጎደ። ጎረቤታቸው እናትዓለም እንኳ የሚጥል በሽታ ያለባትን ልጇን ክኒን አስጣለቻት። እማማ ፅጌ ያመኑትን እኔ ማን ነኝና አላምንም አለች።

እግራቸው ላይ ያለችው ቁስል ግን ኩስኩስቱን አላመነችም፤ ዕለት ዕለት እየሰፋች ሄደች። ሌሊቱን ውኃ ሲጠጡ ያድራሉ። ጉንጫቸው ገባ። ዓይናቸው ፊደል መለየት አቅቶት ዳዊቱን በቃላቸው መድገም ጀመሩ። ወንጌላዊት ለመነች፣ አለቀሰች፣ ጮኸች። የእናቷ መልስ አንድ ነው፤ ባዶውን በዓይኔ አየሁ፣ ሲሞላም በዓይኔ አየሁ። ልጅቱም አብራ ሄዳ አይታለች። ባዶ ነበር፤ ሞላ። አንጀቷን ያሳረራት ይኸው ነው፤ ውሸት መሆኑን እያወቀች ውሸቱ የት ጋ እንደተቀመጠ አለማወቋ።

ፔዳ አካባቢ ከምትሠራበት ቢሮ ጓሮ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ ለእጅ መታጠቢያ በሽቦ የተንጠለጠለ ሃይላንድ አለ። ቂጡ በምስማር ተበስቷል። ክዳኑን ሲያላሉት ውኃው ይወርዳል፤ ሲያጠብቁት ቀጥ ይላል። ሰው ሁሉ የሚታጠብበት፣ ማንም ልብ ብሎ የማያየው ነገር ነው። አንድ ቀን እጇን ሳሙና እንደለቀለቀች ክዳኑን አጠበቀችው፤ ውኃው ቆመ። አላላችው፤ ወረደ። ደግማ አጠበቀችው። ከኋላዋ ተራ የምትጠብቀው የሥራ ባልደረባዋ ምን ነካሽ አለቻት።

ወንጌላዊት ክዳኑን እንደያዘች ነገሩ በራላት። አየር ካልገባለት ውኃው አይወርድማ! ያ ኩስኩስት ግድግዳው ድርብ ነው፤ ውኃው የተደበቀው በሁለቱ ግድግዳ መካከል ነው። ከላይ፣ እጀታው ሥር፣ አንዲት ቀዳዳ መኖር አለባት። ገድሉ አውራ ጣቱን ሲደፍንባት የተደበቀው ውኃ ንቅንቅ አይልም፤ የሚፈስሰው መሃል ያለው ብቻ ነው። ቀና አድርጎ ጣቱን ሲያነሣ፣ የተደበቀው ወደ መሃል ገብቶ ይሞላዋል። ታዲያ ጣቱ እስከ ዛሬ እንዴት አልታየም? ነጠላው ነዋ! የተቀደሰ ነገር በባዶ እጅ አይያዝም ብለን፣ ጠቅልሎ ሲይዘው ትሕትናውን አደነቅን። እሱ ሲጸልይ እኛ አንገታችንን ደፍተናል፣ ዓይናችንን ጨፍነናል። ወይ ድፍረት! በገዛ አክብሮታችን ተሸፍኖ አታለለን እያለች፣ ከነሳሙናዋ እዚያው ቆማ ተንገበገበች።

ዓርብ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ከእናቷ ጋር ወደ ዋርካው ወረደች። ገድሉ ኩስኩስቱን ገልብጦ ባዶነቱን አሳየ፤ ቀና አድርጎም ለጸሎት ዓይኑን ጨፈነ። ያን ጊዜ ከሕዝቡ መሃል ወጥታ ነጠላውን ገፈፈችው። አውራ ጣቱ ከእጀታው ሥር ተለጥፎ ታየ። ከደነገጠ እጁ ላይ ኩስኩስቱን ነጠቀችና ጥቂት አፈሰሰች፤ ውኃው ወረደ። አሁን በራሷ አውራ ጣት ቀዳዳዋን ደፍና መሃል የቀረው እስኪያልቅ ገልብጣ አራገፈችው፤ ከዚያ ጠብ የሚል የለም። ቀና አድርጋ ጣቷን አነሣች፤ ደግማ አፈሰሰች፤ ውኃ።

"እኔ አልጸለይሁም፤ አያችሁ? አልጸለይሁም" አለች።

ታዲያ ሕዝቡ በማን ላይ ቢነሣ ጥሩ ነው? በእሷ! አንዷ በባዶ እጇ ነካችው ብላ አማተበች። ሌላው የመሪጌታ ልጅ እንዲህ ትሁን ብሎ ተንገሸገሸ። ገድሉም ነፍስ ዘራና ጥበቡን የሰጠኝ ፈጣሪ ነው፣ በእሷ ያደረው ክፉ መንፈስ ነው አለ። ይህን ጊዜ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው።

ኩስኩስቱን ከልጃቸው ተቀበሉ። ዓይናቸው አያይምና በጣታቸው ዳሰሱት፤ አፉን፣ እጀታውን፣ ከእጀታው ሥር ያለችውን ቀዳዳ። ጣታቸው እዚያ ላይ ቆመ። ከዚያ መሬት ላይ አስቀመጡትና ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

"በዓይኔ አየሁ ብዬ ያመጣኋችሁ እኔ ነኝ" አሉ። "ያ ዓይን ዛሬ የለም። ያጠፋሁት እዚህ ስመላለስ ነው። እናትዓለም፣ ልጅሽን ወደ ቤት ውሰጅ፣ ክኒኗን አሁኑኑ ስጫት። የእሷን ነፍስ እኔ አልሸከምም።"

ገና አራት ሰዓት አልሞላም። እኒህ ሴትዮ ዓርብን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ቀምሰው እንደማያውቁ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እዚያው ዳር ቆሎ የምትሸጠዋን ሴት በድምጿ ፈልገው አገኟትና እጃቸውን ዘረጉላት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ማንንም ሳያፍሩ፣ እንባቸው እየወረደ ቆሎውን አኘኩ። ውጠው ሲጨርሱም ልጃቸውን መርፌውን አምጪው አሏት።