ከድጄ ያላደነቀችው ቦርሳ

«አይደንቅም» አለች ከድጄ፣ ቦርሳውን ገልብጣ ስፌቱን እያየች።

የሰልሚያ ፊት ጋለ። «እሺ፣ ግድ የለም» ብላ ቦርሳውን ከሴትዮዋ እጅ ቀስ አድርጋ ወሰደችና አጥፋ ማዳበሪያ ውስጥ ከተተችው። ከድጄ ባዶ እጇን አየች፤ ሰልሚያን አየች። ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ ወደ ቡታጅራ የሚወስዳት መኪና ፍለጋ ወጣች።

ሰልሚያ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመት አልፏታል። ሥራ ስታጣ ወልቂጤ ቤታቸው ተቀምጣ ከእንሰት ቃጫ ቦርሳ መሥራት ጀመረች። ቡታጅራ ሱቅ ያላት ከድጄ ካልተቀበለቻት ግን ቃጫውን ትታ ሰኞ በአጎቷ በከማሉ ሱቅ ሳሙና ልትሸጥ ቃል ገብታለች።

የሆነውን ስትነግረው ከማሉ ሳቀ።

«ከእጇ ነጠቅሻት?»

«አልወደደችውማ።»

«አንቺ ልጅ፣ አራት ዓመት ሙሉ ምን አስተማሩሽ? ዋጋ ሳይጠራ የሚያደንቅ ገዢ የት አየሽ? ነገ ገበያ ውጪ። አፋቸውን ተዪውና እጃቸውን እዪ።»

ወጣች። አንዲት ሴት ቆጮ ቆንጥራ አሸተተችና «አይደንቅም» አለች፤ የተጠቀለለበትን ኮባ ግን አልለቀቀችም። አንድ ሽማግሌ የበግ ጀርባ ዳብሰው «ምኑ ይደንቃል?» አሉ፤ ገመዱ ቀድሞ እጃቸው ገብቷል። «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ በግ ነው» ያለው ሰውዬ ግን እጁን ከኪሱ ሳያወጣ አለፈ።

ሰልሚያ የከድጄን እጅ ለማስታወስ ሞከረች። ማንገቻውን ጨብጣ ነበር? ወይስ ስፌቱን ብቻ ነው የነካካችው? አለማወቋ ከነከናት።

እሑድ ሁለት ቦርሳ ይዛ፣ መኪና ቀያይራ ቡታጅራ ገባች።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ዛሬስ አትነጥቂኝም?»

ሰልሚያ አንገቷን ደፍታ እጆቿን ከኋላዋ አቆላለፈች። ከድጄ አዲሱን ቦርሳ አየችው። «ጥሩ ነው፣ እጅሽ ይባረክ» ብላ መለሰችላት። ቀጥላ ያንኑ የፊተኛውን አነሳች፤ ገለበጠችው፤ ትከሻዋ ላይ አነገተችው።

«አይደንቅም» አለች።

ሰልሚያ የከድጄን እጅ አየች። የሴትዮዋ ጣቶች ማንገቻውን እንደጨበጡ ነበር።

«ስንት ትያለሽ?»

ዋጋ ጠራች። ከድጄ ቀነሰች፤ ሰልሚያ ትንሽ ጨመረች። ቦርሳው ሱቁ በር ላይ ካለው ሚስማር ተሰቀለ፤ ሌላ አሥር ታዘዘ።

ሰኞ ጠዋት ሰልሚያ ቃጫ ልትገዛ ጉንችሬ ገበያ ሄደች።