እንግዳ አይሸነፍም

እታለም ያን የጥር ቅዳሜ ከወረታ ወደ ቁሐር ሚካኤል በባጃጅ ስትሄድ ደስ ብሏትም ፈርታም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የዚያን ቀበሌ ልጃገረዶች ኳስ አሰልጥናለች፤ ደመወዟንም ኳሱንም የሚችለው ጣና ማዕበል የተባለ የባሕር ዳር ክለብ ነው። ዛሬ ክለቡ ፍሬህይወት የምትባል ገምጋሚ ልኳል። ሥራው ፍሬ ካፈራ ይቀጥላል፤ ካላፈራ ኳሱም ይሰበሰባል፣ አሰልጣኟም ቤቷ ትገባለች። ገምጋሚዋም ብቻዋን አልመጣችም፤ የክለቡን ታዳጊ ሴቶች ለወዳጅነት ጨዋታ በአውቶቡስ ይዛ መጥታለች።

እታለም በልጆቿ አትጠራጠርም። ሰገን የምትባለው አጥቂዋ ኳስን ባሻት ቦታ ታሳርፋለች። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ማለዳ አያ ገብረማርያም ልጆቹን ሰብስበው የመከሩትን አልሰማችም። አያ ገብረማርያም የሰገን አያት፣ የአገሩም ሽማግሌ ናቸው። ኳሱ ሲጀመር «ሴት ልጅ በቁምጣ?» ብለው ወራት ያኮረፉት እሳቸው፣ ኋላም ሩዝ የታጨደበትን ማሳቸውን ለሜዳ የለቀቁት እሳቸው። ምክራቸው አጭር ነበረች፦ ደጃፍ ድረስ የመጣን እንግዳ ማሸነፍ ነውር ነው።

ፊሽካው ተነፋ። የቁሐር ልጆች ኳሷን ተቀባበሏት፣ እንግዶቹን አደናገሯቸው፣ ሰገን በረኛዋን ሳይቀር አልፋ ባዶ ጎል ፊት ደረሰችና ቋሚውን መታች። ሰው አዘነላት። ትንሽ ቆይታ እንደገና ያንኑ ቋሚ መታች። ሦስተኛም ያንኑ። የራሳቸው በረኛ መሠረትማ የእንግዶቹ ኳስ ሲመጣ በር ላይ እንዳለች ባለቤት ገለል ብላ አሳለፈችው። እረፍት ሲሆን እንግዶቹ ሁለት ለባዶ ይመሩ ነበር።

እታለም ሰገንን በክንዷ ያዘቻት። «ምን ነካችሁ?»

«አባባ እንግዳ አይሸነፍም አለን» አለች ልጅቷ፣ አንገቷን ደፍታ።

አሰልጣኟ ሽማግሌው ዘንድ በሩጫ ደረሰች። «ምነው አያ ገብረማርያም፣ ጉድ ሠሩኝ እኮ! ገምጋሚዋ የመጣችው ፍሬ ልታይ ነው። እንዲህ ተሸንፈው ካየቻቸው ኳሱ ዛሬውኑ መቅረቱ ነው።»

ሽማግሌው ደነገጡ። ይህን ማንም አልነገራቸውም። ግን እሳቸውም ቃላቸውን እንደ ዋዛ የሚያጥፉ ሰው አይደሉም፤ ዱላቸውን ተመርኩዘው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ለእንግዶቹ እራት የተሰናዳውን ጥብስ ከነእንጀራው አስመጡና ቀጥ ብለው የእንግዳዋ በረኛ ዘንድ ሄዱ። ጉርሻው የልጅቷን አፍ ሞልቶ ተረፈ።

«በቃኝ አባባ» ለማለት ሞከረች።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ደገሙላት።

እንዲህ እያሉ አንዷንም ሳያስቀሩ ቡድኑን በሙሉ አጎረሱ። ዳኛውም ከጉርሻ አላመለጠም። ሲጨርሱ ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ። «በእጄ ጎርሰዋል። ከእንግዲህ ቤተኛ ናቸው» አሉ። «ቤተኛ ደግሞ ይሸነፋል።»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሰገን ያን ቋሚ ረሳችው። አንድ አገባች፣ ሌላም አገባች፣ መሠረት እንኳ ከጎሏ ወጥታ ካላገባሁ ብላ አስቸገረች። ከይፋግ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች አህዮቻቸውን አቁመው ጨፈሩ። ሆዷ የሞላው የእንግዶቹ በረኛ ኳስ ከኋላዋ ባነሳች ቁጥር ሳቋ ያሸንፋታል፤ እታለምም እስክታነባ ሳቀች። ጨዋታው ስድስት ለሁለት አለቀ፤ አሸናፊና ተሸናፊ የሩዙ ገለባ ክምር ላይ ተያይዘው ተንከባለሉ።

ፍሬህይወት ግን አልሳቀችም። አሰልጣኟንና ሽማግሌውን ወደ ዳር ጠራቻቸው።

«የመጀመሪያውን አጋማሽ አይቁጠሩብን» አለች እታለም ቀድማ።

«ጎል ልቆጥር አልመጣሁም» አለች ገምጋሚዋ። «ክለቡ ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አገሬው እነዚህን ልጆች ተቀብሏቸዋል ወይ?» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የነሱ ኳስ ለእርስዎ ምንድን ነው?»

እታለም ያ የወራት ኩርፊያ ትዝ አላት። ያንኑ የቁምጣውን ነገር ካነሱ አለቀልን አለች በልቧ።

አያ ገብረማርያም ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ልጄ፣ ኳሱን እንኳ አላውቅበትም» አሉ። «ግን ቅድም ሲሸነፉ፣ ያውም ያዘዝኩት እኔው ሆኜ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር። ሰው በባዕድ ልጅ እንዲህ አያፍርም፤ በራሱ ልጅ እንጂ።»

ፍሬህይወት ሌላ ነገር አልጠየቀችም። «ይቀጥላል» አለች።

እታለም እልልታዋን ለቀቀችው፤ አሰልጣኝነቱንም ጨዋነቱንም ረስታ በሽማግሌው አንገት ላይ ተጠመጠመች።