ለስላሳው ጃኬት

«ዛሬም አልደረቀም» አሉ እትዬ ተጂቱ።

በረንዳው ላይ፣ ዝናብ በማይደርስበት ጥግ፣ ሰይፈ ሚካኤል ለብሶት የሞተው ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት በሚስማር ተሰቅሏል። ከአስከሬኑ ላይ ፈትተው እዚያ ካንጠለጠሉት ወዲህ የነካው የለም። ከጀልባው የመጡት ሌሎች ጃኬቶች በማግስቱ ደርቀዋል። እሱ ግን ሠልስቱ ካለፈም በኋላ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከሥሩ ያስቀመጡት ጣሳ ሞልቶ ተደፍቶ እንደገና ሞልቷል።

«ለጌታው እያለቀሰ ነው» አሉ አሮጊቷ። ሟችን በልጅነቱ ያሳደጉት የቡሬ ጎረቤት ናቸው፤ መርዶውን ሲሰሙ በመጀመሪያው መኪና መቱ ደርሰው ከሚስቱ ከሮማነወርቅ ጎን አልተነሡም። «ሂን ቦኢን፣ ኢንተለ ኮ፤ አታልቅሺ ልጄ። እሱ ያልቅስልሽ፤ አንቺ በቃሽ።»

ሮማነወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫን አደረገች። በዚህ ቤት ጃኬቱ እንኳ ከእሷ የተሻለ አለቀሰ። እሷ ባሏን የቀበረችው አንድም ጠብታ ሳይወጣት ነው፤ ሰውም ደንዝዛ ነው ብሎ አዝኖላታል። አልደነዘዘችም። የሆነ ነገር አልዋጥ ብሏት ነው። ዋና የሚያውቅ ሰው፣ ጃኬት የለበሰ ሰው፣ ጀልባው ገባ በሚባለው ወንዝ ላይ ሲገለበጥ የሚያዝናናቸውን እንግዶች በሙሉ ወደ ዳር ገፍቶ ያወጣ ሰው፣ እሱ ብቻ እንዴት ይሰምጣል?

«ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል ለቀስተኛው። «እንግዶቹን እይ፣ አንድ ሰው አልተቧጨረም። ጃኬቱ አተረፋቸው። ለእሱ ግን ቀኑ ነበር።»

ቤቱ በሰው ብዛት ሊፈነዳ ነው። ከቡሬ፣ ከጎሬ፣ ከያዮ የመጣው ዘመድ ሳሎኑን ፍራሽ በፍራሽ አድርጎታል። ትራስ ቢያልቅ የሟች ታናሽ ወንድም ቢኒያም ጓዳ የተከመሩትን ጃኬቶች እያወጣ በየራስጌው አደለ። መጀመሪያ ሴቶቹ አማተቡ። ሲደክማቸው ግን ተንተራሱት።

ጠዋት ላይ ወሬው ስለ ጃኬት ሆነ።

«ትናንት የሰጠኸኝ ድንጋይ ነው እንዴ? አንገቴን ሰበረኝ» አሉ እትዬ ተጂቱ። «ያን ለስላሳውን ስጠኝ፣ እሷ የተኛችበትን።»

«እኔማ አልለቅም» አለች አንዷ የያዮ ዘመድ። «ከራሴ ትራስ ይሻላል።»

ሳቅ አለ፤ ለቅሶ ቤት የሚሳቀው ያ አፍን በነጠላ ሸፍኖ የሚሳቀው ሳቅ። ሮማነወርቅ ሰማቻቸው። ለስላሳና ጠንካራ መኖሩን ልብ ያለችው ያኔ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ቢኒያም ከዕድሩ ዳኛ ከጋሼ ጎንፋ ጋር ተቀምጧል። ንፍሮ እያፈሰ ይናገራል።

«እሁድ ሙሽሮቹ ገባ ወንዝ ይጠብቁኛል። ጋሼ ሰይፈ ቃል የገባላቸው ነው። ሚዜዎቹም ሽማግሌዎቹም ጀልባ ላይ ፎቶ ይነሣሉ። ላስቀር?»

«የሟች ቃል መሬት አይወድቅም» አሉ ጋሼ ጎንፋ። «ግን ወንዙ ሞልቷል ይባላል።»

«ጀልባው እንደሆነ ደህና ነው፤ ያን ቀን ግንድ መትቶት ነው የተገለበጠው። ጃኬት አለን። የጃኬቱን ነገር አገር አይቶታል።»

አገር አይቶታል። የሰይፈ ሚካኤል እንግዶች ከሞት መትረፍ ለጀልባው ስም ሆኖለታል፤ ሰው ስልክ እየደወለ ወረፋ መያዝ ጀምሯል። ዝናቡ ደግሞ የድንኳኑን ሸራ ይደበድባል፤ ወደ ያዮ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

ያን ዕለት ከሰዓት ዬሮሳን መጣች። ጀልባው ሲገለበጥ ከነበሩት እንግዶች አንዷ ናት፣ የመቱ ልጅ። ሮማነወርቅ እግር ሥር ተደፍታ አለቀሰች፤ የተረፈ ሰው የሚያለቅሰውን፣ ይቅርታ የሚመስለውን ለቅሶ። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ተናገረች።

«የእኔን ነው ለብሶ የሞተው፣ እትዬ።»

«እንዴት ያንቺን?»

«ብዙ ሆነን ነበር የሄድነው። ቢኒያም ጃኬት አደለን። ልንነሣ ስንል ጋሼ ሰይፈ መጣና ጃኬቱን ትከሻዬ ላይ ጭብጥ አደረገው። ‹ይሄ ላንቺ አይሆንም› አለኝና የራሱን አውልቆ አለበሰኝ። የእኔን እሱ ለበሰው። ልኩ ሰፍቶኝ ነው ብዬ ነበር።»

ሮማነወርቅ ጭብጥ የሚለውን ቃል ስትሰማ የባሏን እጅ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው።

ያን እጅ ታውቀዋለች። ሰይፈ ሚካኤል እንግዳ ሲያይ ልቡ የሚቀልጥ፣ እምቢ የሚል አፍ ያልተፈጠረለት ሰው ነበር። ሠርጓቸው ላይ ያልተጠራ ሰው መጥቶ ወንበር ቢጠፋ፣ ሙሽራው ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆሞ በላ። እናቷ ያኔ «ይሄን ሰው እንግዳ ይገድልብሻል» ብላ ስቃለች። ጀልባውን ሲገዛም ቦታ የለም ብሎ ሰው መመለስ አልቻለበትም። ከአዲስ አበባ የመጡት ጃኬቶች ሲያንሱት አንድ ቀን በባጃጅ አንድ ጭነት ይዞ ገባ። ቀለማቸው ያው፣ ስፌታቸው ያው። «ከየት ተገኙ?» ብትለው «ተገኙ» አለ። ባጃጇ የመጣችው ከፍራሽ ሰፊዎቹ ሰፈር በኩል ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከነዚያ አንዱ ወንዝ ወድቆ መጣና በዚሁ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። ሳምንት ሙሉ አልደረቀም። ሰይፈ ሚካኤል ከፊቱ ቆሞ ሲያየው ትዝ ይላታል። ከዚያ ወዲህ ነው መጨበጥ የጀመረው፤ ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት ጭብጥ፣ ጭብጥ።

መጣል ነበረበት። አልጣለም። ቢጥል እንግዳ ሊመልስ ነው።

ከፋሲካ በኋላ እሷንም ይዟት ወጥቶ ነበር። ጀልባው ሙሉ ነው፤ የአዲስ አበባ እንግዶች አሉ። ሁለት ጃኬት ጨብጦ አንዱን ለአንድ ሽማግሌ አቀበለ፣ ሌላውን ለእሷ አለበሳት፤ ማሰሪያውን እስከ አንገቷ ድረስ ቋጠረላት። «የእኔ ደግሞ እንዴት ይመቻል!» ብላ ነበር። እሱም ሳቀ፣ «አንቺ እንግዳ አይደለሽም» አላት። ደስ ብሏት ነበር። ቀኑን ሙሉ ያን ቃል ይዛ ደስ ብሏት ዋለች።

ተነሣች። ለቅሶ ከተቀመጠች ወዲህ ማንም ሳይደግፋት ስትነሣ የመጀመሪያዋ ነው።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» አሉ እትዬ ተጂቱ።

ሳሎን ገብታ በየፍራሹ ራስጌ ያለውን ጃኬት መሰብሰብ ጀመረች። እያንዳንዱን ጨበጠች። ጠንካራውን ወደ ግድግዳው፣ ለስላሳውን ወደ በሩ። ሴቶቹ እግራቸውን ሰብስበው ያይዋታል። አበደች ያሉ ነበሩ።

ቢኒያም ከድንኳኑ ሮጦ መጣ። «እትዬ ሮማን፣ ተይ። ለእሁድ እኔ እለቅማቸዋለሁ።»

«ና ተከተለኝ።»

ከድንኳኑ በር ዕድሩ ያቆመው የውሃ በርሜል አለ። አንድ ጠንካራ ጃኬት ወርውራ በእጇ ወደ ታች ደፈቀችው። ለቀቀችው፤ ተወርውሮ ወጣ። ከዚያ ለስላሳውን አስገብታ ደፈቀችው። አረፋ ወጣ፤ ቡልቅ፣ ቡልቅ። እጇን አነሣች። ብርቱካናማው ነገር ትንሽ ቆየ፣ ዘንበል አለ፣ ቀስ እያለ ወደ በርሜሉ ጨለማ ወረደ።

ካርታ የሚጫወቱት እንኳ ተነሥተው ወደ በርሜሉ መጡ።

«ስፖንጅ ነው» አለች ሮማነወርቅ። «የፍራሽ ስፖንጅ። ሙሽሮቹን በዚህ ልትወስዳቸው ነበር።»

ቢኒያም በርሜሉ ውስጥ አፍጥጦ ቀረ። ያን ቀን ጃኬት ያደለው እሱ ነው።

ጋሼ ጎንፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ይሄ ነገር እዚሁ ይቅር። ጃኬቶቹን አቃጥለን ዝም እንበል። ስሙ ይቆይለት» አሉ።

ሁሉም እሷን አየ። ከሰይፈ ሚካኤል የቀራት ስሙ ነው። መንገድ ላይ የደግ ሰው ሚስት የሚላት ሰው ነገ ምን እንደሚላት ታውቃለች።

«አይቅር፣ ጋሼ» አለች። «ፍራሽ ሰፊው ለሌላም ሰፍቶ ይሆናል። ጀልባ ያለው ሁሉ ይስማ።»

«ወንድሜ ያውቅ ነበር?» አለ ቢኒያም። ድምፁ የልጅ ሆነ።

«ያውቅ ነበር። ለእንግዳ አልሰጠም። ለራሱና ለእኔ ነው ያስቀረው።»

እትዬ ተጂቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ያሳደጉትን ልጅ አወቁት፤ ሲርበው እንኳ ቁራሹን ለመጣ ሰው የሚያቀብል ልጅ ነበር፣ ከጎኑ የተቀመጠችውን የእህቱን ቁራሽ ጨምሮ።

ሮማነወርቅ ወደ በረንዳው ሄደች። ተናድዳ ነበር፤ በሕይወት ቢኖር አንገቱን ታንቀው ነበር፣ ከዚያም ታቅፈው ነበር። ከጣሳው በላይ ጠብታው አሁንም ይወርዳል። ጃኬቱን ከሚስማሩ አወረደችው። ከባድ ነው፣ የተኛ ሕፃን ያህል። ደረቷ ላይ አስጠግታ በሁለት እጇ ጨመቀችው። የገባ ወንዝ ውሃ በጥቁር ቀሚሷ፣ በጉልበቷ፣ በባዶ እግሯ ላይ ወረደ። እንደገና ጨመቀችው። አንድም ጠብታ እስከማይቀረው ድረስ አልለቀቀችውም፤ ያን ጊዜ የእሷ እንባ መጣ።