አብሬ እበራለሁ

ለመካነ ሰላም ከተማና ለአካባቢው ሕዝብ በሙሉ የሚከተለው ጥብቅ ማስታወቂያ ተነገረ፦ ነገ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ማንም ሰው በሬውን፣ ላሙንም ሆነ አህያውን አይሮፕላን ሜዳ ላይ እንዳያሰማራ። ሕዝቡ በጥሞና አዳመጠ። በሬ የሚባል ነገር በአካባቢው ከታየ ሦስት ወር አልፎታል፤ ቢሆንም እሺ ተባለ። ነገ የሚመጣውን አይሮፕላን የሚቀበለው ኮሚቴ በሬ አለ ካለ አለ ነው።

ሁለተኛው ማስታወቂያ ሰው ነጭ ልብሱን፣ ለብርዱም ደራርቦ እንዲለብስ ነበር። ይህን ያሰበው የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ክንፈ ነው። ዘመኑ 1967 ነው። ረሃብን የደበቀው የወደቀው መንግሥት መሆኑ በሬዲዮ ስለተነገረ፣ አቶ ክንፈ በአዲሱ መንግሥት ረሃብ የለም ብሎ ደምድሟል።

በማግስቱ አይሮፕላኑ አቧራውን አንስቶ አረፈ። ከበሩ ሐረግ ወረደች። የዚሁ አገር ልጅ፣ የአየር ኃይል ነርስ ናት። ዘጠኝ ዓመት ቁስለኛ ስታመላልስ ኖራለች። የመጀመሪያውን ቀን በገዛ ቆቧ ውስጥ አስመልሳለች። ቀስ በቀስ ግን የሞተሩ ጩኸት የልብ ምት ስለማያሰማ በጣቷ ማዳመጥን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በክንዷ መመዘንን ተማረች። ሰው ተሸክማ ወደ በሩ ስታነሳ አብራሪው መቶ አለቃ ንጉሡ «ስንት ኪሎ፣ ሲስተር?» ይላል፤ እሷም ትነግረዋለች። ከሁለት ኪሎ በላይ ስታ አታውቅም።

ከተማው ግን የሚያውቃት በሌላ ነው። ያኔ ሥራ እንደጀመረች ለእናቷ ለእማማ ፈንታዬ «ከሕመምተኞቹ ጋር አብሬ እበራለሁ» ብላ ጻፈች። ደብዳቤ አንባቢው መሪጌታ ቸኮል «አብሬ እበራለሁ»ን ሲያዩ ልጅቱ ቃል ደገመች፣ ፊደልም ሳተች ብለው አዘኑላትና አቃንተው «አበራለሁ» ብለው አነበቡ። በአንድ ፊደል አብራሪ ሆነች። ሐረግ ለዕረፍት ስትመጣ እናቷ በኩራት ቀና ብላ ስትሄድ አየችና ስህተቱን ሳታርም ተመለሰች።

የእናቷንም መልስ የሚጽፉት መሪጌታ ናቸው። ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ደህና ነን፣ እህል ጠግበናል፣ አታስቢ።»

«ጀግናዋ አብራሪያችን» ሲል የአቀባበል ንግግሩን ጀመረ አቶ ክንፈ።

መቶ አለቃ ንጉሡ ወደ ጆሮዋ ዘንበል አለ። «እኔስ ማን ነኝ?»

«ዝም ይበሉ፣ መቶ አለቃ። ዛሬ ረዳቴ ነዎት።»

የአይሮፕላኑ ቃሬዛ ስምንት ነው። ከሜዳው ዳር ካለው ድንኳን በረሃብ የደከመ ሰባት ሰው ተጫነ። «እነዚህ ከወግዲና ከከላላ የመጡ መንገደኞች ናቸው» አለ አቶ ክንፈ። «የከተማው ሰው በጠቅላላ ጤነኛ ነው። በስምንተኛው ቦታ ኮሚቴው ለሠራተኞቹ አንድ በግ አበርክቷል።» በጉ አንገቱ ላይ ቀይ ጥብጣብ ታስሮለታል። ሰዉ ሁሉ ያየው በጉን ነው።

ከነጫጮቹ ሰልፈኞች ፊት የከተማው ዘፈን አውጪ በለጡ ከበሮ እየመታች ታዘፍናለች። እማማ ፈንታዬ በሦስት ጋቢ ተጠቅልላ መጣች።

«ሐረጌ፣ የምትነጂበትን ወንበር አሳይኝ እንጂ። እሱን ሳላይ አልሞትም።»

«ከፍ ያለ ነው፣ እማዬ። መሰላሉ ተሰብሯል።»

«ታዲያ ያንን ሁሉ ሰው በምን አወጣሽው? እኔ ላይ ሲደርስ ነው የከበደሽ?»

ሐረግ ዘጠኝ ዓመት የደበቀችው ነገር ዛሬ ሊገለጥ ነው። ያሰበችው እሱን ብቻ ነው። እናቷን በዓይኗ መዘነቻት፤ ከነጋቢዋ ስልሳ ኪሎ አትሞላም። ለስልሳ ኪሎ ጉልበቷን አጠፈች፣ ወገቧን አጸናች፣ አነሳች።

እናቷ ከትከሻዋ በላይ ሽቅብ ሄደች። ሐረግ በርግጋ መልሳ በደረቷ አቀፈቻት። ከበሮው ቆመ።

«ስንት ኪሎ፣ ሲስተር?» አለ መቶ አለቃ፣ ከልማድ።

ሐረግ እናቷን በክንዷ እንደገና መዘነቻት።

«ሠላሳ አንድ» አለች። «ከነሦስት ጋቢዋ።»

ውስጥ ከገቡ በኋላ እማማ ፈንታዬ ከፊት ያሉትን ሁለት ወንበሮች አየች። በአንዱ ላይ የወንድ ባርኔጣ፣ በሌላው ላይ «ረዳት» የተባለው መቶ አለቃ ራሱ ተቀምጧል።

«ያንቺ የቱ ነው?»

ሐረግ በቃሬዛዎቹ ራስጌ ያለውን የቆርቆሮ ሣጥን አሳየቻት። «እዚህ ነው። እኔ አብሬ ነው የምበረው፣ እማዬ።»

እናቷ ሣጥኑን ረጅም ጊዜ አየችው።

«መሪጌታ ጠግበናል ብለው የጻፉልሽስ ደርሶሻል?»

«ደርሶኛል።»

«እሱም እንዳንቺ አብራሪነት ነው» አለችና በስምንተኛው ቃሬዛ ላይ ጋደም አለች።

ታች የቆመው አቶ ክንፈ የበጉን ገመድ መቼ እንደለቀቀው አላወቀም፤ በጉ በተከለከለው ሜዳ ላይ ተሰማራ። በለጡ ከበሮዋን መሬት አስቀመጠች። ወደ አይሮፕላኑ በር መጣችና ታቀፉኝ እንደሚል ሕፃን ሁለት እጇን ወደ ሐረግ ዘረጋች። ከኋላዋ መሪጌታ ቸኮል ጋቢያቸውን አወለቁ፣ አጠፉ፣ ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው ለመመዘን ተሰለፉ።