ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት

ጥፋቷ አንድ መስመር ነበር፤ ከደብዳቤው ግርጌ፣ ግልባጭ ከሚደርሳቸው ዝርዝር ውስጥ፣ ምክትል ሥራ አስኪያጁን ዘለለች።

ደብዳቤው ስለ ሦስት የውሃ ጉድጓዶች ነበር። የላብራቶሪው ባለሙያ ውሃው ውስጥ ያገኘችው ነገር ቀን የሚሰጥ ስላልነበረ ውጤቱን በቀጥታ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ላከች። ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው አንጋፋዋ ጸሐፊ እየተየቡ ቀና ብለው፣ «ምክትሉን ረሳሽው» ብለዋት ነበር።

«እትዬ ይሙቱ፣ መጀመሪያ ጉድጓዱ ይታሸግ። ግልባጭ የትም አይሄድም።»

ጉድጓዶቹ ታሸጉ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ ግን ዋናው ሥራ አስኪያጅ ስለ ጉዳዩ ሲጠይቀው፣ ምክትሉ አሥራ አራት ሰው ፊት የሚመልሰው አጣ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ክፉ ቃል አልተናገራትም። የሚያስፈራው ይኸው ነበር። ድምፁን ከፍ ስለማያደርግ መሥሪያ ቤቱ «ሹክሹክታ» ይለዋል፤ ያንንም በሹክሹክታ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምሳ ላይ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ሳቅ ሰምታ የምትከፍተው በር ሁሉ ዝም ይልባታል። ጓደኛዬ የምትላት የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ እንኳ ኮሪደር ላይ ስታገኛት ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ታልፋለች፤ ማንም ባልደወለበት ስልክ «እሺ፣ እሺ» እያለች።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ለላብራቶሪ ኃላፊነት የቃል ፈተና አለባት። ካለፈች እዚሁ ትቀራለች። ከወደቀች ጠረፍ ያለው ጣቢያ ትመደባለች፤ ከአልጋ የማትነሣ እናቷን ማን እንደሚያገላብጥላት አታውቅም። ጠዋት ስትለባብስ እናቷ አይታት፣ «ምን ያንቀጠቅጥሻል?» አለቻት። በርዶኝ ነው አለች። ፀሐይዋ ግን መስኮቱን አልፋ አልጋው ድረስ ገብታ ነበር።

ፈተናው አንድ ሰዓት ሲቀረው ምክትሉ አስጠራት።

«ተቀመጪ እህቴ።» ሰፊው ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት ብቻ አለ። «በሥራ የሚስተካከልሽ የለም። እኔም ከፈታኞቹ አንዱ ነኝ። ይቺን የግልባጭ ነገር ዘግተን እንግባ ብዬ ነው።»

ወረቀቱ በእሷ ስም የተጻፈ ነበር። ምክትሉ ዝርዝሩ ውስጥ እንዲገቡ አዝዤ ነበር፣ ጸሐፊዋ ግን ሆን ብለው አስቀርተዋቸዋል ይላል። «ሆን ብለው» የሚለው ላይ ዓይኗ ተተከለ።

«እትዬ እኮ ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ነው የቀራቸው።»

«ታዲያ ማን ነካቸው? ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ነው።» ፈገግ አለ። «እናትሽስ ተሻላቸው?»

ስለ እናቷ ለዚህ ሰው ነግራው አታውቅም።

ተነሺና ውጪ አለች ለራሷ። ግን አልተነሣችም። እስክሪብቶውን አንሥታ ፈረመች። ቀኑን ልትጽፍ ስትል መዳፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«ቀኑን ተዪው። እኔ እሞላዋለሁ።»

ፈተናው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ሌሎቹ ሦስት ፈታኞች ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ፣ ምክትሉ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚመልሰውን ጥያቄ ጠየቃት። ስትወጣ የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «ብዬሽ አልነበር!» አለች። ምንም ብላት አታውቅም።

የፈተናው ቃለ ጉባኤ ሊተየብ እትዬ ዘንድ ገብቶ ነበር። ባለሙያዋ ተከትላው ገባች።

«እንኳን ደስ አለሽ» አሉ መተየባቸውን ሳያቆሙ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት…»

ጣቶቻቸው ቆሙ። «አስፈረመሽ?»

ራሷን ነቀነቀች።

«ቀን ጻፍሽበት?»

«አልጻፍኩም።»

እትዬ ሳቁ፤ ደረቅ፣ አጭር ሳቅ። «እኔም አልጻፍኩም ነበር። እሱ ያኔ የቡድን መሪ ነበር። ይኸው ሃያ ዓመት፣ ጠዋት ጠዋት ‹እንደምን አደሩ እትዬ› ሲለኝ ያ ወረቀት ነው የሚታየኝ።»

«ስለ ማን ነበር የፈረሙት?»

«እንዳንቺ ስለሚቸኩል አንድ ልጅ።» ከማተሚያው የወጣውን ገጽ አቀበሏት። «በይ አንብቢው። ስህተት ቢገኝ በማን እንደሚላከክ አውቀሽዋል።»

መስመሮቹ ተደበላለቁባት። ሄጄ ወረቀቴን ልጠይቀው፣ ብቀድደውስ፣ ከዋናው ዘንድ ብገባስ እያለች አፏን ስትከፍት የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ።

«አቤት» አሉ እትዬ። አዳመጡ። «አሁኑኑ?… እሺ፣ መጣሁ።»

«ምክትሉ ነው» አሉ ስልኩን ዘግተው። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ወለወሉና መልሰው አደረጉት። ቀስ ብለው ተነሡ፤ ጉልበታቸው ቀጭ አለ።

«እትዬ፣ አብሬዎት ልምጣ?»

ይህን ያለችው በአፏ ይሁን በልቧ አላወቀችም።

«ዛሬ ስንት ነው ቀኑ?» አሉ በሩ ላይ ቆመው፤ መልሱንም ሳይጠብቁ ወጥተው፣ እጀታውን ይዘው፣ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቀው ዘጉት።