ደፉን ከፍ ያደረግሁ ዕለት

ጢጢጢ… አለ ከግድግዳው ማዶ። ዝም አለ። እንደገና ጢጢ። ከዚያ የበር መንጓጓት፣ የሩጫ ኮቴ፣ የሴት ድምፅ።

"አባ፣ ጠሩኝ?"

"ኧረ አልጠራሁሽም።"

"አሁን እኮ ጮኸ!"

"እንግዲህ ከኔ ሌላ ሽማግሌ ገብቶበት ይሆናል።"

እኔ ብሎን መፍቻዬን እንደያዝሁ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ እሰማለሁ። ሉማሜ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ስልክ እጠግናለሁ። የሱቄ የጀርባ ግድግዳ ከየኔታ ሙላት መኝታ ጋር አንድ ነው። የሚጮኸውን ደወል የሠራሁትም እኔ ነኝ።

የኔታ ዲማ ላይ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ዓምና ግማሽ አካላቸው ሲመታ ልጃቸው ዘመናይ ወደዚህ አመጣቻቸው። ግራ እጃቸው አይሠራም፤ ቀኙም ቢሆን ቁልፍ የሚጫን ጉልበት የለውም። ድምፃቸው ደግሞ ከመኝታቸው ዘመናይ ሻይ እስከምትሸጥበት እስከ ፊተኛው ክፍል አይደርስም። ስለዚህ የማይጫኑት፣ መንካት ብቻ የሚበቃው ደወል ሠራሁላቸው። የተሰነጠቀ ስልክ መስታወት፣ ከሥሩ ስስ መዳብ፣ አንዲት ቀጭን ሽቦና የክብሪት ሳጥን የምታህል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ሰው መስታወቱን ሲነካ ሰሌዳዋ የምትቆጥረው ቁጥር ከፍ ይላል። ጭማሪው አንድ ደፍ፣ ማለት እኔ የወሰንሁለትን ልክ፣ ከተሻገረ ደወሉ ይጮኻል። ደፉን አሥር ላይ አድርጌው ነበር።

ሄድሁ። ዘመናይ ወገቧን ይዛ ቆማለች።

"አበረ፣ ዛሬ ብቻ ስምንት ጊዜ ተመላለስሁ! ጎረቤቱ ቤታቸው ሰይጣን ገባ እያለ ነው። ወይ አስተካክለው ወይ ንቀለው።"

"ወፍጮ ቤቱ ነው፣ እትዬ ዘመናይ። ሞተሩ ሲነሣ በመብራቱ መስመር ረብሻ ይመጣል፤ ቁጥሩን ይነቀንቀዋል።"

የኔታ ከአልጋቸው ሆነው ሳቁ። "ታዲያ ልጄ፣ ረብሻውን ከኔ በምን ትለየዋለህ?"

"የሰው ጣት ስልሳ ይጨምራል፣ የኔታ። ረብሻው ሃያ አይሞላም።"

"ስልሳ! ተመስገን፣ ገና ብዙ ነኝ።"

ትክክለኛውን መድኃኒት አውቀው ነበር። ከመዳቡ ጀርባ ሌላ መዳብ አንጥፎ ከመሬት ማገናኘት፣ ሽቦዋን ማሳጠር፣ ሰሌዳዋን ብዙ ጊዜ አስቆጥሮ መካከለኛውን መውሰድ። ረብሻው ይሞታል፣ ንክኪው ይቀራል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን ያን ሰሞን ልቤ ደብተሬ ላይ ነበር። በዝናብ የረጠበ እጅ ቢነካው እንኳ የማይሳሳት ትልቅ የንክኪ ሰሌዳ እነድፋለሁ፤ የመዳቡን ቁራጮች እደረድራለሁ፣ አፈርሳለሁ፣ እንደገና እደረድራለሁ። ወደዚያ ለመመለስ ቸኮልሁ። ደፉን ከአሥር ወደ ሠላሳ አነሣሁት። በጣቴ ነካሁ፤ ጮኸ። ወፍጮው እየጮኸ ጠበቅሁ፤ ደወሉ ዝም አለ።

"ዳነ" አልሁ። ዘመናይ "እጅህን አይንሳህ" ብላ መረቀችኝ።

በሦስተኛው ቀን ዕቃ ልገዛ ማርቆስ ከተማ ሄጄ ዋልሁ። ስመለስ ሻይ ቤቱ በር ላይ ሰው ቆሟል። የኔታ ለብቻቸው ሊነሡ ሞክረው ወድቀው፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ ወደ ማርቆስ ሆስፒታል ተወስደዋል። ይታያል የሚባለው የዘመናይ ታላቅ ወንድም ከሚኖርበት ከቁይ ደርሶ ይጮኻል።

"ሦስት ጊዜ ነካሁ ብለዋል እኮ! ሦስት ጊዜ!"

"አልሰማሁም። ማርያምን አልሰማሁም።"

"ወሬ ይዘሽ ነዋ! ከሹፌር ጋር ስትሳሳቂ!"

እኔ ወደ ጓዳ አለፍሁ። ደወሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ መስታወቱን በጣቴ ነካሁት። ጢጢጢ! አለ፣ ቤቱን እስኪያናጋ።

"ይኸው!" አለ ይታያል። "ይኸው ይሠራል! እንግዲህ አባቴ ዋሹ በያ!"

ዘመናይ ተቀመጠች። "አልዋሹም። እኔ ነኝ ያልሰማሁት" አለች።

በማግስቱ ሊጠይቋቸው ከሄዱት ጋር ሄድሁ። የኔታ አልጋ ላይ ናቸው፤ ቀኝ እጃቸው ጋቢ ውስጥ ነው። ሰላም ስላቸው እጃቸውን ከነጋቢው ዘርግተው መዳፌን ያዙ።

"ይቅር በለኝ፣ እጄን አላወጣልህም። ከታመምሁ ወዲህ ብርድ አይችልም። ሁሉን ነገር በጋቢ ነው የምነካ።"

ሰዎቹ ስለ ሐኪሙ ያወራሉ። እኔ የሚሉት አልተሰማኝም።

ሱቄ ተመልሼ መስታወቱን የሚመስል ሌላ አበጀሁ። የራሴን ጋቢ በጣቴ ላይ ጠቀለልሁና ነካሁ። አሥራ አራት። እጥፉን ቀነስሁ። አሥራ ሰባት። ሠላሳ አልደረሰም። ደፉ አሥር በነበረ ጊዜ ጋቢውን አልፎ ያውቃቸው ነበር። ከወፍጮው ረብሻ ጋር አብሬ የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ። ሲሞክሩት አላየሁም። በምን እንደሚነኩት አልጠየቅሁም። ሁልጊዜ የሞከርሁት በራሴ ጣት፣ በባዶው ነው።

ስድስት ቀን ዝም አልሁ። በየጠዋቱ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ሻይ አዝዤ፣ ጠጥቼ እወጣለሁ። አንድ ቀን "ከሳህ፣ አሞሃል እንዴ?" አለችኝ። "ጉንፋን ነው" አልኋት። ይታያል እኔ እዚያው ሻይ እየጠጣሁ እሷን በሰው ፊት ሰድቦ ቆርጦ ተናግሯል፤ የኔታ ከሆስፒታል ሲወጡ ወደ ቁይ እንጂ ወደ ሉማሜ አይመለሱም። እሷም አልተከራከረችም። ልብሳቸውን አጥባ፣ ዳዊታቸውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ አንድ ማዳበሪያ ሞልታ በሩ ሥር አቆመችው።

ዛሬ ሊወስዷቸው ነው። ጠዋት ሻይ ቤቱ ሰው አልነበረበትም። ብርጭቆ ታጥባለች።

"እትዬ ዘመናይ፣ ደወሉ አልጮኸም።"

"የቱ ደወል?"

"የኔታ ሲነኩት። አልጮኸም። አንቺ መስማት አቅቶሽ አይደለም።"

"አንተ አይደለህ በጣትህ ነክተህ ያስጮህኸው?"

"በባዶ ጣት ነዋ። እሳቸው በጋቢ ነው የሚነኩት። መጀመሪያ በጋቢም ይሰማ ነበር። ያን ቀን የወፍጮውን ረብሻ ላስቀር ብዬ ንክኪውን አደነዘዝሁት። እሳቸውንም አብሬ አስቀረሁ።"

ብርጭቆውን ማጠብ አላቆመችም። ንጹሕ ሆኖ ሳለ ደግማ አጠበችው።

"ሌላ መንገድ ነበረው?"

"ነበረው። ግማሽ ቀን ይወስድ ነበር።"

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

ልዋሽ አሰብሁ።

"ስድስት ቀኔ ነው።"

"ስድስት" አለች። "ይታያል በሰው ፊት ሲሰድበኝ እዚች ወንበር ላይ ነበርህ።"

"ነበርሁ። ከፈለግሽ አሁን ማርቆስ አብሬሽ ሄጄ ለሱም፣ ለየኔታም እናገራለሁ። በሰው ፊት።"

ብርጭቆውን ደፍታ አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ነጠላዋን ከምስማሩ አወረደች። ጀበናው እሳት ላይ እየገነፈለ፣ ማዳበሪያውን በሩ ሥር እንዳለ ትታ፣ አንዴም ዞር ብላ ሳታየኝ ወደ ማርቆሱ አውቶቡስ ወጣች።