ኸሊል ያየው ቤት

ኸሊል በሸሕዲ ከተማ ገበያ ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ቤት የሚሠራም ሆነ የሚገዛ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያማክራል፤ ግድግዳ አንኳኩቶ፣ ወደ ጣራ አንጋጦ የሚናገረው ቃል መሬት ጠብ አይልም። እንግዲህ ትራክተር ነጂው ስሜነህ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የተተወ የእርሻ ካምፕ ቤት ለማየት ሲነሳ፣ ከኸሊል ሌላ ማንን ሊያስከትል?

ደግሞም ጓደኛው ነው። ስሜነህ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ከገባ ስንት ዓመቱ! ውሎ አድሮ ኪራዩም ተረሳ፣ ተከራይነቱም ተረሳ። አሁን ግን መቅዲን ሊያገባ ነው። ይህን ቤት ከወደደው ኸሊል ያቺን ባዶ ክፍል እያየ ብቻውን ሊመሽበት ነው። ግን እንዲህ ያለው ነገር በወንዶች መካከል በየት በኩል ይነገራል?

የካምፑ ቤት በር ባንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል። ገና እግራቸውን ሲያስገቡ የሌሊት ወፎች እየተንጫጩ በአናታቸው አለፉ። ኸሊል ጀለቢያውን ሰብስቦ አጎነበሰ።

«ቢስሚላህ! ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ የጅን ሰፈር?»

«የጅኑን ለኔ ተወው፤ አንተ ጣራውን እይልኝ» አለ ስሜነህ እየሳቀ።

ክፍል ለክፍል ዞሩ። አንደኛው የፍየል በጠጥ ሞልቶታል። በሌላኛው ድሮ የፈሰሰ ሰሊጥ በተሰነጠቀው ሊሾ መሃል በቅሎ፣ በጣራው ቀዳዳ ሥር አብቧል። ስሜነህ ምኑም አልከፋውም። «አልጋው እዚህ፣ ምድጃው እዚያ፣ የመቅዲ የስፌት ማሽን መስኮቱ ሥር» እያለ ለሁሉም ቦታ ሰጠ።

ጨለማው ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ኸሊል የጓደኛውን ክንድ ጥርቅም አድርጎ ያዘ። ስሜነህ የስልኩን መብራት ቢያበራ፣ እንቁላል የታቀፈች ጅግራ አፍጥጣባቸዋለች! ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ስሜነህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፈልፍላ እስክትወጣ ይህን ክፍል አንነካባትም» አለ። ኸሊል ያኔ ነገሩ እንዳለቀ ገባው። ሰውዬው በልቡ ገብቶ መኖር ጀምሯል።

ኸሊል ወደ መሃለኛው ቋሚ ሄዶ አንኳኳ። ድምፁ ድፍን ነው። አውራ ጣቱን ተጫነበት፤ ንቅንቅ አላለም። ልጅ ድሮ ኩሎ የልጅ ልጅ የሚያይ እንጨት ነው።

«ምስጥ በልቶታል» አለ ኸሊል።

«ምን?»

«ከውስጥ አልቋል። አንድ ደህና ነፋስ ከመጣ ጣራው ከነቆርቆሮው እላያችሁ ላይ ነው የሚወርደው።»

ስሜነህ ቋሚውን ከላይ እስከ ታች አየው። ላንኳኳው እንኳ አላለም። ቢከራከር ኖሮ ለኸሊል ይቀለው ነበር። ስሜነህ ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ ሁለቱም እንዲሰሙ ድምፅ ማጉያውን ከፈተው።

«መቅዲ፣ ቤቱ አይሆነንም።»

«ውይ! እንዲያ ጓጉተህለት?»

«ኸሊል አይቶታል። እሱ ካለ አለቀ፤ እኔ የማላየውን ያያል።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኸሊል እውነት ግን አንድ ሌሊት እንኳ አላደረችም። ስልኩን ከስሜነህ እጅ ነጠቀው።

«መቅዲ፣ ዋሽቻለሁ። ቋሚው እንደ ብረት ነው። ምስጥም የለው፣ ምንም የለው።»

«ኧረ ምነው ኸሊል? ምን በደልንህ?»

«ምንም። ስሜነህን ወስደሽ ልታስቀሪብኝ መሰለኝ። ወላሂ፣ ያለሱ እራት አይወርድልኝም።»

ስሜነህ ዞሮ ቋሚውን በጡጫው አንኳኳ።

«አንተ ሞኝ» አለች መቅዲ። «ያንተን ድስትና ሳህን ለይቼ ገዝቼልህ የለም እንዴ? የክርስቲያን ሥጋ እንዳይነካው ብዬ እናቴ ቤት በማዳበሪያ ጠቅልዬ ሰቅዬዋለሁ። ስሜነህ ነው ‹ከሁሉ በፊት የኸሊልን› ያለኝ። የኛን ገና አልገዛንም።»

ኸሊል ስልኩን ለስሜነህ መለሰለትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።